ፀሐይ ላይ የደረቀችው ሳጥን

ሮቤ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ዳቢሴ፣
ሻርጃ

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ እንዴት እንደሚጀመር ግን አላውቅም። ከሁለት ዓመት ወዲህ በአባዬ ስም የሚደርሱዎትን ደብዳቤዎች የምጽፈው እኔ ነኝ። ይህን ሳያውቁ አይቀሩም፤ አባዬ የታተመ ጽሑፍ እየተንገታገተ ያነባል እንጂ የእጅ ጽሑፍ አይሆንለትም። የማያውቁት ግን እሱ ያለኝን እንዳለ አለመጻፌን ነው። ባለፈው ክረምት «መኪናዋ አንድ ቀን ትገድለኛለች ብለሽ ጻፊለት» አለኝ። እኔ «መብራቷ ትንሽ ያስቸግራል» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ አጠገቤ ቆማ፣ «በሰው አገር ለሚለፋ ሰው ክፉ ወሬ አይላክም» ስላለችኝ ነው። እኔም ለትልቅ ሰው እንደዚያ ብሎ መጻፍ ከበደኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሙቀቱ እንዴት አድርጎዎታል? እግዚአብሔር ጉልበትዎን ይጠብቅ፤ በሰላም ለደጃችን ያብቃዎ። እኛ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ደህና ነን።

ገዝተው የሰጡን አሮጌዋ ፒክአፕ እንዲህ ሆናለች። አባዬ ከአንገቱ ከተማ ቡና ጭኖ በሳነቴ ተራራ ላይ ሲመጣ፣ ጉም መሃል ሁለቱም የፊት መብራቶች በአንዴ ይጠፋሉ። የዝናብ መጥረጊያውም የመስታወቱ ግማሽ ላይ ደርሶ ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ማንም ሳይነካቸው ይመለሳሉ። የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ፊሮምሳ አምፖል ቀየረ፣ ፊውዝ ቀየረ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ተከተለ። በመጨረሻ ከዳሽቦርዱ ሥር መዳፍ የምታህል ጥቁር ሳጥን አወጣ። ቦዲ ኮምፒውተር ይሏታል። መብራቱን፣ መጥረጊያውን፣ ክላክሱን፣ የበሩን ቁልፍ ሳይቀር የምታዝዘው እሷ ናት። «ጥፋተኛዋ እቺው ናት» አለ፤ «አትጠገንም፣ ለዚህ ዓይነት መኪና ደግሞ አዲስ አበባም ብትሄዱ አታገኙም።» እርስዎ የሚሠሩት አሮጌ መኪና በሚፈታበት ግቢ ስለሆነ፣ ከጀርባዋ ያለውን ቁጥር ገልብጬ እዚሁ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

አባዬ ሳጥኗ እስክትመጣ መኪናዋን ላቁማት ይላል። ፈቃድዎን ይጠይቃል። ይህን ግን ልክ እንዳለው ነው የጻፍኩት።

ደብዳቤውን የያዘችልዎ ከሻርጃ ልብስ እያመጣች የምትነግደው ጎረቤታችን አዴ ኢብቲሳም ናት። መልሱንም በእሷ እጅ ይላኩልን።

የወንድምዎ የሙለታ ልጅ
ሐመልማል


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙለታ፣ ለባለቤቱ ለማናልበሽ፣ ለዲዳዋም ልጁ፣

የአባታችን አምላክ በራችሁን ከክፉ ይዝጋላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ደህና ያልሆነ ሰው አንድ ቀን አይቆይም፤ ይባረራል።

ሙለታ፣ ጎባ ተወልደህ አድገህ ጉም ፈራህ? እኔ የሞተ መኪና ሆድ ውስጥ ገብቼ፣ ብረቱ እጄን እየጠበሰኝ ብሎን እፈታለሁ። ደክሞኛል፣ ላቁም ብል የሚሰማኝ የለም። ቡና ተለቅሞ ደጅ በተከመረበት ወር መኪና ላቁም የሚል ሰው ከአንተ ሌላ አላየሁም። ሳጥኗን እፈልጋታለሁ። እስከዚያ በቀን ንዳ። ፀሐይንም ሳጥን ናት የምታበራልህ? ካልሆነልህ አጋርፋ ውስጥ አንድ ሾፌር አለ፤ ቁልፉን ስጠኝ እያለ በየሳምንቱ ይደውልልኛል። መብራት ኖረ አልኖረ የማይጨንቀው ሰው ነው። የአንተን ቤት ግን እሱ አይመግብልህም።

ሐመልማል፣ የዛሬ አምስት ዓመት መጥቼ ስምሽን ብጠይቅሽ የእናትሽ ቀሚስ ውስጥ ገብተሽ የቀረሽ ልጅ ነሽ። ዛሬ ሁለት ገጽ ሞልተሽ አየሁ። ዲዳዋ ተናገረች ብዬ እዚህ ለጓደኞቼ አሳየኋቸው፤ ሳቁ። ወደፊትም በወረቀት ጻፊልኝ። በስልክ የተባለውን በማግሥቱ አላልንም ትላላችሁ፤ ወረቀት ግን ይቀመጣል። እኔ ከእናንተ የመጣልኝን አንድም ደብዳቤ ጥዬ አላውቅም።

ዳቢሴ


ሮቤ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ዳቢሴ፣

ለመጪው ልደት በጤና ያድርስዎ፤ የሚይዙት ሥራ ሁሉ ይቅናዎ። እኛ ደህና ነን።

አባዬ እንዳዘዙት በቀን እየነዳ ነው። ከአንገቱ ገና ጎህ ሲቀድ ይነሣል። ሳነቴ ላይ ግን ጉሙ ሲወርድ ቀኑ ቀን አይመስልም። ባለፈው ሳምንት ጎባ መግቢያ ላይ የቀብር ሰዎች ሲያልፉ መኪናውን ዳር አቁሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ክላክሱ ማንም ሳይነካው መጮህ ጀመረ፤ አልቆም አለ። አንድ ሽማግሌ መስኮቱን በዱላ መትተው «ምነው፣ ሟቹ ዘገየብህ?» አሉት። አባዬ ወርዶ ይቅርታ እንዳይጠይቅ በሮቹ ራሳቸውን ቆልፈዋል። በመስኮት ወጣ።

አዴ ጂቱ አብራው ነበረች። አዴ ጂቱ ማለት አንገቱ ያለችው ቡና ነጋዴ ናት፤ ሁልጊዜ ቡናዋን በእኛ መኪና ነው የምታስጭነው። «ሙለታ፣ ሌባ እንኳ በመስኮት የሚወጣው ከሰው ቤት ነው! አንተ ከገዛ መኪናህ?» እያለች እስክታነባ ሳቀች። ለእኔ ሁልጊዜ የጫካ ማር ታመጣልኛለች። «ኢንተላ ኮ» ነው የምትለኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። መልስ ባልሰጣትም አይከፋትም።

ጋሼ፣ ሳጥኗ ተገኘች?

ሐመልማል


ሻርጃ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙለታ፣

ሰላም ለአንተና ለቤትህ ይሁን። ከጥምቀቱ በረከት ያካፍላችሁ። ሳጥኗ ተገኝታለች፤ በኢብቲሳም ሻንጣ፣ በሕፃን ልብስ ተጠቅልላ መጥታልሃለች። ቁጥሯ ከላካችሁልኝ ጋር አንድ ነው፤ ከአንተ መኪና ጋር መንታ ከሆነች መኪና ላይ በገዛ እጄ ነው የፈታኋት። እንዲህ ያለች ሳጥን የነበረችበትን መኪና አትረሳም፤ ዝም ብላችሁ ብትገጥሟት ቁልፋችሁን አታውቀውም። ፊሮምሳ ኮምፒውተር ያለው ሰው አስመጥቶ ከቁልፋችሁ ጋር ያስተዋውቃት። ከእንግዲህ ጉም የሚባል ነገር እንዳልሰማ።

ሐመልማል፣ ከዚህ በታች ያለው ለአንቺ ብቻ ነው፤ ለአባትሽ አታንብቢለት። መኪናዋ ባለፈው ሚያዝያ ጎርፍ እስከ መሪዋ ውሃ ገብቶባት የተጣለች ናት። ሳጥኗን ጣሪያ ላይ ሦስት ቀን ፀሐይ አስመትቼ አድርቄያታለሁ። ሽቦ የሚሰካባቸው ጥርሶቿ ላይ አረንጓዴ ዝገት ታያለሽ። ፊሮምሳ ሳያይ የጥርስ ብሩሽ ቤንዚን ውስጥ ነክረሽ ጠርጊው። እሱ ካየ አልገጥምም ይላል፤ አባትሽም ይፈራል፤ ከፈራ ደግሞ ቁልፉ ወደ አጋርፋ ይሄዳል። አንቺ ዲዳ መሆንሽ ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀም። ስትገጠም ጻፊልኝ።

ዳቢሴ


ሮቤ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ዳቢሴ፣

እጅዎ አይንጠፍ፤ ለእኛ እንዳሰቡልን እግዚአብሔር ያስብልዎ። ሳጥኗ በሰላም ደርሳ ተገጥማለች። ኮምፒውተር ያለው ሰው ከሻሸመኔ መጥቶ ከቁልፋችን ጋር አስተዋወቃት፤ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር፣ በኋላ ለመደች። መብራቷ በርቷል፤ መኪናዋም ደህና ናት። እኛም ደህና ነን።

ለእኔ ብቻ ያሉኝን ለእኔ ብቻ አድርጌዋለሁ።

ሐመልማል


ሻርጃ፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙለታ፣

ጾሙን የሰላም ያድርግላችሁ። ልጅህ መኪናዋ ደህና ናት ብላ ጽፋልኛለች፤ ደስ ብሎኛል። እንግዲህ ምክንያት አለቀ። በሳምንት አንድ ጊዜ የምትመላለሰውን ሁለት አድርገው። ስትወርድም ባዶ አትውረድ፤ ከገበያ የሚመለስ ሰው ጫን። ዝናብ መጣ፣ ጉም ወረደ ብለህ ጎባ ላይ ስታድር የሰማሁ እንደሆን፣ የአጋርፋው ሰው በማግሥቱ አንተን አስነሥቶ መሪው ላይ ይቀመጣል።

ሐመልማል፣ አየሽ? ዝም ማለት እንኳ ሥራ ነው።

ዳቢሴ


ሻርጃ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐመልማል፣

የጂቱን ነፍስ ይማር። ለወንድሜም እግሩን ይጠግንለት። ወንድሜ መኪና ይዞ ገደል መግባቱንና መታሰሩን የሰማሁት ከባዳ ነው። ሁለት ወር ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍሽልኝም።

አልቅሻለሁ፤ በዚህ አትጠርጥሪኝ። አሁን ግን ስሚኝ። መኪናዋ በእኔ ስም ናት። የጂቱ ቤተሰቦች ሾፌሩንም ባለቤቱንም ከሰዋል። ባለቤቱ ጉድለቷን እያወቀ አስነዳ ከተባለ፣ እኔ አገሬ የምገባው ከአውሮፕላን ወርጄ ወደ እስር ቤት ነው። አሥራ አራት ዓመት የለፋሁት ለዚህ አይደለም። አባትሽ ገብቷል። ለአንድ መኪና አንድ ሰው ይበቃል።

የየካቲት ደብዳቤሽን ለጠበቃዬ ልኬለታለሁ። «መብራቷ በርቷል፤ መኪናዋም ደህና ናት» ብለሻል፤ እጅሽ ይባረክ። የኅዳርና የታኅሣሥ ደብዳቤዎችሽ ጠፍተውብኛል። ሰው ሁሉን ወረቀት አያስቀምጥም።

እኔ የጻፍኩላችሁን ደብዳቤዎች በሙሉ ለኢብቲሳም ስጫት፤ በተለይ የጥር ወሩን። ያላችሁበት ቤት የማን እንደሆነ እናትሽ ታውቃለች። ደብዳቤዎቹ ከመጡልኝ የሚነካችሁ የለም። ካልመጡ የአጋርፋው ሾፌር ባለትዳር ነው፤ ቤት ይፈልጋል።

ለዳኛ አሳያለሁ ብለሽም እንዳታስቢ። የጥር ወሩ ደብዳቤ ሲነበብ መጀመሪያ የሚያፍረው እኔ አይደለሁም። አባትሽ የዘለልሽበትን መስመር ይሰማል። ከዚያ በኋላ በምን ዓይንሽ ታይዋለሽ?

አጎትሽ ዳቢሴ


ሮቤ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ዳቢሴ፣

ጤና ይስጥዎ። እኛ ደህና አይደለንም።

ይህችን ለመጻፍ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። እጄ በራሱ «ደህና ነን» እያለ ይጽፋል። እናቴ ከበሩ ሥር ተቀምጣ ታየኛለች። ዛሬ ምን ጻፍሽ፣ ምን አልሽ አላለችኝም።

ባለፈው ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ። የጥር ወሩ ደብዳቤ የመጣ ዕለት አባዬ እግሩን በጨው ውሃ ነክሮ ተቀምጦ ነበር። «ምን ይላል?» አለኝ። አነበብኩለት። «እንዳልሰማ» ከሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። «አለቀ?» አለኝ። «አለቀ» አልኩት። ከዚያ እናቴ ገበያ ስትሄድ ጓሮ ገብቼ በገዛ ጥርስ ብሩሼ ሳጥኗን ጠረግኳት። አረንጓዴው በቀላሉ አልለቀቀም። ብሩሹ እስከ ዛሬ አረንጓዴ ነው፤ በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።

ፊሮምሳ ሲገጥማት አፍንጫው ጋ አስጠግቶ «የጭቃ ሽታ አላት፣ ከየት ነው የመጣችው?» አለ። አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «ሐመልማል፣ ወንድሜ ስለዚህ ነገር የጻፈው አለ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ፤ የለም ማለቴ ነው። ፊሮምሳ ሳቀና «እሷ ካለች የለም ነው፤ ይቺ ልጅ ስትናገር ሰምተን አናውቅ፣ ስትዋሽማ እንዴት እንሰማለን» አለ። ገጠማት። መብራቱ በራ። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ።

እርስዎ ባሉት መሠረት በሳምንት ሁለት ጊዜ መመላለስ ጀመረ። መጋቢት 19 ቀን አዴ ጂቱ ከሮቤ ገበያ ስትመለስ ጋቢና ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች። በእኛ በር ሲያልፉ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ «ኢንተላ ኮ፣ በሚቀጥለው ማሩን እጥፍ አድርጌ አመጣልሻለሁ!» አለችኝ። እጄን ብቻ አነሣሁላት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከሳነቴ ወደ ሐረና ጫካ በሚወርደው ጥምዝምዝ ላይ ጉም ገጠማቸው። ዝናብም ነበር። መብራቱም መጥረጊያውም በአንዴ ጠፉ። አባዬ የነገረኝ ይህን ብቻ ነው፤ «መስታወቱ ነጭ ግድግዳ ሆነብኝ» አለኝ። እሱ እግሩ ተሰበረ። እሷ እዚያው ቀረች። የገዛችው አዲስ ጫማ ከነካርቶኑ ምንም ሳይሆን ተገኝቷል።

ግንቦት 14 ቀን ጎባ ፍርድ ቤት ነበርኩ። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የእርስዎ ጠበቃ ደብዳቤዬን ሲያነብ ሰማሁ። አስተርጓሚው ወደ ኦሮምኛ መለሳት። «መኪናዋም ደህና ናት»፤ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ቋንቋ። ዳኛው ወረቀቱን ለአባዬ አሳይተው «ይህ ጽሑፍ የማን ነው?» አሉት። አባዬ የእጅ ጽሑፍ አያነብም፤ የእኔን ፊደል ግን ከሩቅ ያውቀዋል። ስልክ ቁጥር እንኳ የምጽፍለት እኔ ነኝ። ክራንቹን ተደግፎ ቆመና «የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያስጻፍኩት» አለ። «መኪናዋ ደህና መሆኗን ታውቅ ነበር ማለት ነው?» አሉት። «አዎ» አለ። እኔ ያለሁበትን ወንበር አንድ ጊዜም አላየም። ሳጥኗ ከየት እንደመጣች የማውቅ አልመሰለውም። የልጅ ጨዋነት ነው ብሎ፣ ደህና ነን ማለት ልማዴ ነው ብሎ፣ ጥፋቴን ለራሱ ወሰደው። ከዘለልኩት መስመር ጋር እንደወሰደው አያውቅም።

ስወጣ የአዴ ጂቱ ባል ቀነኒሳ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ይጮህብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ቀስ ብሎ ነው ያናገረኝ። «የሙለታ ልጅ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። መኪናዋ ደህና ከነበረች፣ አባትሽ ሰክሮ ነበር?» አለኝ። አባዬ ጠጅ እንኳ አይቀምስም። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። እሱም መልሴን ያገኘ መሰለው። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከተማው ሁሉ ሙለታ ሰክሮ ሴት ገደለ እያለ ነው።

አዴ ኢብቲሳም ደብዳቤዎን ያመጣችልኝ ከሦስት ቀን በፊት ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። ሁሉም ቦታ ላይ ውሸት ፈልጌ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ያለው ግን እውነት ነው። መጀመሪያ የማፍረው እኔ ነኝ። አባዬ ቢሰማ በምን ዓይኔ እንደማየው አላውቅም። ምናልባት ከእንግዲህ ደብዳቤ አንብቢልኝ አይለኝ ይሆናል። ዛሬ እናቴን ጠይቄያት ነበር። «ከቤት ቢያስወጡንስ?» አልኳት። «ከቤት መውጣት አንድ ቀን ነው» አለች። ከዚያ ተነሥታ የደብዳቤዎችዎን ጥቅል ከልብስ ሳጥኑ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ክፉ ወሬ አይላክም ስትለኝ የኖረች ሴት ናት።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፤ መልስ አልፈልግም። ሳጥኗን ሲጠቀልሉ የሕፃን ልብሱን ከየት አመጡት? ጭቃ የነካው ትንሽ ሹራብ ነው። ከዚያችው ከሰመጠችው መኪና ውስጥ ይመስለኛል። አጥቤ አስቀምጬዋለሁ።

ከጠዋት ጀምሮ ኩሽናውን ዘግቼ መናገር እለማመዳለሁ። መጀመሪያ ድምፄን ራሴ አልሰማሁትም። አሥረኛው ላይ እናቴ ከውጭ «ሰማሁሽ» አለችኝ።

የነገው ቀጠሮ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አዴ ኢብቲሳም ጠዋት ለደብዳቤዎቹ ስትመጣ ይህን ብቻ እሰጣታለሁ። ከዚያ የእርስዎን ጥቅልና ብሩሹን ይዤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎባ እሄዳለሁ። ቀነኒሳን ደጃፉ ላይ ካገኘሁት፣ አልሰከረም እለዋለሁ። ዳኛውን፣ ፖሊስ ግቢ ካለችው መኪና ላይ ሳጥኗን አስከፍተው ውስጧን እንዲያዩ እጠይቃቸዋለሁ። የየካቲቱ ጽሑፍ የአባቴ አይደለም፣ የእኔ ነው፣ ውሸትም ነው እላለሁ። ከዚያ የጥር ወሩን ደብዳቤ እከፍታለሁ፤ ያን ቀን ያጠፍኩበት ቦታ ላይ ምልክቱ አለ። ወደ አባዬ ዞሬ፣ ዓይኑን እያየሁ፣ ከምልክቱ በታች ያለውን አነብለታለሁ።

ሐመልማል ሙለታ